የዋንዛው ሳጥን ከዳር ይድረስ

የአንባቢው ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለትዳር ነኝ፤ የሁለት ዓመት ተኩል ሴት ልጅም አለችኝ። አምና ጥቅምት ላይ ለኮምፒውተሬ የእንጨት ኬዝ፣ ማለትም የውጭ ሳጥን፣ ልሠራ ተነሳሁ። እንጨቱ ከአያቴ ቁም ሳጥን በር የወጣ ዋንዛ ነው። ቁም ሳጥኑ ተሰባብሮ ሊጣል ሲል በሩን ለምኜ ወሰድኩት። ጎረቤቴ አናጺ ነው፤ ጣውላውን ላገልኝ፣ ማዕዘኑንም አብረን ገጠምን። ሳጥኑ ቆሟል፤ ፊቱ ሲያዩት ያምራል። ከዚያ ወዲህ ግን ምንም አልነካሁትም። ኋላው ክፍት ነው። ፊቱ ላይ ማብሪያ አልበሳሁም። ቫርኒሽ አልተቀባም። ጎኑን መስታወት አድርጌ መብራት ላስገባበትም አስቤ ነበር። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ እስካሁን የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ካርቶን ተነጥፎለት ተቀምጧል። የማስነሳው በካቻቪቴ ጫፍ ሁለት ፒኖች እያነካካሁ ነው። ባለቤቴ ‹ወይ ጨርሰው ወይ ለማገዶ ይሁን› ብላኛለች። ለጥምቀት እንግዳ ይመጣብናል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹እንጨት ውስጥ ኮምፒውተር ከተህ ቤቱን ልታቃጥል ነው› ይለኛል። ዝግጁ ኬዝ ገዝቼ ልገላገል ወይስ ልጨርሰው? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፎቶውን አይቶ ‹ለእኔም ሥራልኝ፣ እከፍልሃለሁ› ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ

ወንድሜ፣ ጨርሰው። ዝግጁ ኬዝ አትግዛ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጣውላ ሲላግ አልቆምክም። ማዕዘን ሲገጠም አልቆምክም። የቆምከው መብሳት ሲመጣ ነው። ሌላ ጣውላ ቢሆን ቢበላሽ ይገዛል። የአያትህ በር ግን ምትክ የለውም። እጅህ አልሄድ ያለው ለዚህ ነው እንጂ ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። ሰነፍ ሰው የተሰባበረ ቁም ሳጥን በር ለምኖ ቤቱ አያስገባም።

ስለዚህ «ጎበዝ፣ ቆርጠህ ተነሳ» ብዬ አልሸኝህም። መድኃኒቱ ሌላ ነው። ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከዋንዛው ላይ አንስተን ኋላው ላይ ወደምንገጥመው ላሜራ እናዛውራቸው። ላሜራ ቢበላሽ ሌላ ይገኛል። የአያትህ እንጨት ፊቱ ሳይነካ መጨረስ ይቻላል፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እነግርሃለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ የምታደርገው ነገር አለ። ያን ማዘርቦርድ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ አንሳው። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ወንበር ላይ መውጣት ትችላለች። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ 12 ቮልትና ከዚያ በታች ስለሆነ እሱ አይገድልም። ግን ማንኪያ ቢወድቅበት ይነድዳል፤ ክፍት ፋንም ትንሽ ጣት ያቆስላል። ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ደግሞ 220 ቮልት የሚገባበት ነው። የፋኑ መከለያ ክፍተት ሹካ ያስገባል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የምትጠቀምበት ከሆነ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ስትጨርስም ከሶኬቱ ንቀለው። ይህን ለነገ አታሳድረው።

አሁን ወደ ወንድምህ ስጋት እንሂድ። ፍርሃቱ የሰው ሁሉ ፍርሃት ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስለት። እንጨት በእሳት የሚያያዘው ሙቀቱ ከ250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ ነው። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከባሰበትም ይጠፋል። ከፕሮሰሰሩ እስከ እንጨቱ ደግሞ አየር አለ። ስለዚህ የፕሮሰሰር ሙቀት ዋንዛ አያቀጣጥልም። የእሳት አደጋ ካለ የሚመጣው ከ220 ቮልቱ በኩል ነው። የላላ ሶኬት፣ የተላጠ ገመድ፣ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ፣ ኧርዝ (የመሬት መስመር) የሌለው ኤክስቴንሽን፣ እነዚህ ያቃጥላሉ። እነሱ ደግሞ የብረት ኬዝ ያለበትንም ቤት ያቃጥላሉ። ወንድምህ የሚፈራው ነገር አለ፣ ግን ዋንዛው አይደለም።

ለእሱ የምትነግረው ሌላም ነገር ልጨምርልህ። አፕል እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው የመጀመሪያው ኮምፒውተር ኬዝ አልነበረውም። ስቲቭ ዎዝኒያክ የነደፈው ያ ማሽን 666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ገዢው የሚቀበለው የተገጣጠመውን ቦርድ ነው። ኪቦርዱን፣ ኃይል ሰጪውንና ሳጥኑን ራሱ ያዘጋጃል። አንዳንድ ገዢዎች ሳጥኑን ከእንጨት ሠሩት። አንደኛው ከነእንጨት ሳጥኑ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል። አንተ የጀመርከው ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን የኋላው። ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

የኋላውን ክፍተት ከጣውላ ልትቆርጥ አስበህ ከሆነ ተወው። የገመዶቹ መሰኪያ ያለበት መስኮት ብቻ 159 በ44.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ላይ የካርዶቹ ማስገቢያ አለ፣ የፓወር ሰፕላዩ ቀዳዳ አለ። ሁሉም እርስ በርሳቸው በልክ መቀመጥ አለባቸው። ሁለት ሚሊ ሜትር ከሳትክ ዩኤስቢው አይገባም። ይህን በእጅ መጋዝ በአያት እንጨት ላይ መሞከር አያስፈልግም።

ይልቅ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ጋ ሂድ። ከቤቱ ጥግ የተከመረ ባዶ አሮጌ ኬዝ አያጡም። አዲስ አበባ ብትሆን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሂድ እልህ ነበር፤ አዳማም ግን አይጠፋም። ፊቱ የተሰበረ፣ ክዳኑ የጠፋ ቢሆን ግድ የለህም። አንተ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማዘርቦርዱ የሚታሰርበት ላሜራ ነው። ሁለተኛው መሰኪያዎቹ የሚወጡበት የኋላው ላሜራ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ካገኘሃቸው ከባዱ ሥራ በፋብሪካ አልቆልሃል ማለት ነው። የፓወር ሰፕላዩ ቦታ፣ የፋኑ ቦታ፣ የካርዶቹ መስመር፣ ሁሉም በልኩ ተበስቶ ይመጣልሃል።

ይህ የሚሆነው ልኩ አንድ ስለሆነ ነው። ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን ልክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የትልቁ ቦርድ መጠን 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማይክሮ የሚባለው የትንሹ ደግሞ 244 በ244። የብሎኖቹ ቦታ አልተቀየረም። ስለዚህ የሃያ ዓመት ኬዝ የዘንድሮን ማዘርቦርድ ይይዛል። ኬዙን ከመውሰድህ በፊት ግን ሜትር ይዘህ ሂድ። ላሜራው ሳጥንህ ውስጥ መግባቱን ለካ። ከገባም ለእጅህና ለገመድ የሚበቃ ቦታ በዙሪያው መትረፉን አረጋግጥ። ማዘርቦርድህን አምጥተህ ላዩ ላይ ብታስቀምጠው ደግሞ የበለጠ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ማዘርቦርድህ ካገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ከሆነ ልኩ የራሱ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የኃይል መሰኪያቸው የተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም፤ የማብሪያቸውም ገመድ ለየት ይላል። አንዳንዶቹ ደግሞ የለመዱትን ፋን ካላገኙ ሲነሱ ቆመው ኤፍ1 ተጫን ይሉሃል። አንተ በሁለት ፒን ስለምታስነሳው የማብሪያው ነገር ችግር አይሆንብህም። የብሎን ቀዳዳዎቹን ግን ከላሜራው ጋር አስተያይ።

ላሜራውን ከአሮጌው ኬዝ ለማውጣት ግራይንደር አያስፈልግህም። አብዛኞቹ ኬዞች የተያያዙት በሪቬት ነው። የሪቬቱን ራስ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ፑንታ ብትበሳው ራሱ ተላቅቆ ይወድቃል። ዓይንህን በመነጽር ሸፍን፣ እጅህ ላይ ወፍራም ጓንት አድርግ፤ የኬዝ ላሜራ ጠርዙ ምላጭ ነው። ሲላቀቅ ጠርዙን በሊማ ሞርደው። ጣትህን ስታንሸራትትበት የማይዝህ እስኪሆን ድረስ ሞርደው። ማዘርቦርዱ በዚያ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር። የብረት ብናኝ ቦርድ ላይ ካረፈ ሁለት መስመር ያገናኛል። ያኔ የምታጣው ሳጥኑን ሳይሆን ማሽኑን ነው።

ላሜራውን ሳጥኑ ውስጥ ስታስረው የእንጨት ብሎን በቂ ነው። ግን ቀዳዳዎቹን ክብ ብቻ አታድርጋቸው። በሊማ ወደ ጎን ትንሽ አርዝማቸው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ምክንያቱም ጣውላ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። የሚንቀሳቀሰው በወርዱ ነው። ብረቱ ግን አይከተለውም። ግጥም አድርገህ ካሰርከው ከጊዜ በኋላ ጣውላው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሚወጣው ደስ በማይልህ ቦታ ነው። ኮላ ደግሞ በብረትና በጣውላ መካከል በፍጹም አትጠቀም።

ማዘርቦርዱ ከላሜራው ጋር በቀጥታ አይነካካ። ከፍ አድርገው የሚይዙት የናስ ብሎኖች አሉ፤ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት አላቸው። ከአሮጌው ኬዝ ጋር አብረው ይመጣሉ። ማዘርቦርድህ ላይ ቀዳዳ ባለበት ቦታ ብቻ እሰራቸው። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንድ ቢቀር ከቦርዱ ሥር ያለውን መስመር ይነካና ያቃጥልብሃል። ከማሰርህ በፊት ብሎኖቹን ቁጠር፣ የቦርዱንም ቀዳዳ ቁጠር።

ላሜራው ሌላም ጥቅም አለው፤ ለወንድምህ እውነተኛ መልስ ይህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ በብሎን ከላሜራው ጋር ሲታሰር ብረቱ ሁሉ ከኧርዝ ጋር ይገናኛል። ይህን ራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። ገመዱን ከግድግዳው ንቀል። ቴስተርህን ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ላይ አድርገው። አንዱን ጫፍ የፕለጉ ኧርዝ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለበት የላሜራው ቦታ ላይ አድርግ። ከጮኸ ተገናኝቷል። ካልጮኸ የብሎኑ መቀመጫ ላይ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርገህ እንደገና እሰረው። የግድግዳው ሶኬት ኧርዝ ይኑረው አይኑረው ግን አንተ አትፈትሽ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተህ አሳየው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ኧርዝ ይመስላል፣ ከኋላው ግን ገመዱ የለም። ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ በምንም ምክንያት አትክፈተው። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይይዛሉ።

አሁን የምትፈራው ፊቱ። እኔ ብሆን አልበሳውም።

ማብሪያውን ከኋላ፣ ላሜራው ላይ፣ ከላይ ጥግ ላይ አድርገው። ሁለት ነገር ታገኛለህ። የአያትህ እንጨት ሳይነካ ይቀራል። ልጅህም ማብሪያውን አታየውም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ፊት ለፊት የሚያበራ ቁልፍ ካየች ትጫነዋለች፤ አንተ ደግሞ ሒሳብ እየሠራህ ይሆናል። ስታድግ ፊቱን መብሳት ከፈለግህ እንጨቱ እዚያው አለ።

ማብሪያውን ስትገዛ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የምትፈልገው ተጭነህ ስትለቀው የሚመለሰውን ነው፣ የደወል መጫኛ ዓይነቱን። ተጭኖ የሚቀረውን ከገዛህ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ከአራት ሰከንድ በኋላ ይጠፋብሃል። ማሽኑ ጣትህን እንዳላነሳህ ይቆጥረዋል። የፋብሪካ ዕቃ መሸጫ ቤት የምታገኘው 16፣ 19 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሁሉም ይሠራል። መብራት ያለውን ከገዛህ የመብራቱን ቮልት እይ። ለ220 የተሠራ መብራት ማዘርቦርዱ ላይ አይበራም። የማብሪያው ሁለት ገመዶች አሁን በካቻቪቴ የምታነካካቸው ሁለቱ ፒኖች ላይ ይገባሉ፤ የትኛውም በየትኛው ቢገባ ለውጥ የለውም። የመብራቱ ገመዶች ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አላቸው፤ ካልበራ አገላብጣቸው።

አየሩ በየት ይግባ ትለኛለህ። ከታች ይግባ። የሳጥኑ የታችኛው ጣውላ አይታይም። ዋንዛ ከሆነ አውጥተህ በኮምፔንሳቶ ተካው፤ ዋንዛውን ለሌላ ነገር አስቀምጠው። ኮምፔንሳቶው ላይ ለ120 ሚሊ ሜትር ፋን ክብ ቁረጥ። የአራቱ ብሎኖች ቀዳዳ ከመሐል እስከ መሐል 105 ሚሊ ሜትር ይራራቃል። ከዚያ ለሳጥኑ እግር ሥራለት፤ ቁመቱ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቁጥሩን ያወጣሁት እንዲህ ነው፦ የፋኑ አፍ ስፋት 113 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሳጥንህ ታቹ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዙሪያው 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት 350 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አየሩ ሳይጨነቅ ይገባል ማለት ነው። ክፍተቱን በጣም ካሳነስከው ግን ፋኑ ሊጮህ ይችላል።

የፋኑን አቅጣጫ ሰው ብዙ ይስታል። ፋኑን ስታገላብጠው በአንደኛው ፊቱ ሞተሩን የሚይዙ ቀጫጭን ክንዶች አሉ። አየሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ከታች የምታስረው ፋን ክንዶቹ ወደ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከኋላ የምታስረው ደግሞ ክንዶቹ ወደ ውጭ ይሁኑ። ከተጠራጠርክ ስስ ወረቀት አስጠጋ።

አዳማ እንደሆነ ነፋስ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት አገር ላይ ነህ፤ አቧራው አያልቅም። የታችኛው ፋን ሥር ማጣሪያ አድርግ። የመስኮት ወንፊት ትልቁን ይይዛል እንጂ ደቃቁን ያሳልፋል። የሴት ስቶኪንግ ወጥረህ በክፈፍ ብታስረው ደቃቁንም ይይዛል። በየሁለት ሳምንቱ አውጥተህ አራግፈው፤ ከደፈነ ፋኑ በከንቱ ነው የሚሽከረከረው። የሚያስገባው ፋን ከሚያስወጣው ጠንከር ያለ ይሁን። ያኔ አየር ከሳጥኑ ውስጥ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራ ግን በማጣሪያው በኩል ካልሆነ መግቢያ የለውም።

ስለ ሙቀት ሌላም ልንገርህ። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከ20 በመቶ ያልፋል። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ የውጭ አገር ሰዎች «አንድ ፋን ይበቃል» ሲሉ ብትሰማ እኛ አገር ላይ አንድ ጨምርበት። እንጨትም እንደ ብረት ሙቀት አሳልፎ አይሰጥም። ሙቀቱ የሚወጣው በአብዛኛው በአየሩ ነው።

መስታወቱንና መብራቱን ተወው። መስታወት መቁረጥ ሌላ ሙያ ነው፤ ዋንዛውንም ይሸፍነዋል። ይህ ሐሳብ ነው ሥራውን ያረዘመብህ ብዬ አስባለሁ። ጎኑ ዋንዛ ይሁን፤ አንደኛው ጎን በአራት ብሎን የሚከፈት ይሁን፣ በቃ።

ከዚያ ቫርኒሹ። ይህን የምታደርገው ሳጥኑ ባዶ ሳለ ነው። ቀዳዳ ሁሉ ከተበሳ፣ ላሜራው አንድ ጊዜ ተሞክሮ ከወጣ በኋላ። ብርጭቆ ወረቀቱን ከ80 ወይም 120 ጀምር፤ ከዚያ 180፣ ከዚያ 240። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ሂድ። አግድም ከፈተግከው ጭረቱ አሁን አይታይህም፣ ቫርኒሽ ሲነካው ነው የሚወጣው። የአያትህ በር አሮጌ ቀለም ካለበት አናጺ ጎረቤትህ የላገው በቂ ነው፤ የተረፈ ካለ ግን አፍንጫህን ሸፍነህ አጥራው፣ ልጅህም አጠገብህ አትሁን። አሮጌ ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል።

ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ሲደርቅ ቅባ። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። በየመሐሉ አንድ ቀን አሳድረው፣ በ320 ወረቀት በቀስታ ዳስሰው፣ ብናኙን ጥረግ፣ እንደገና ቅባ። ግቢ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ አትቀባ። ነፋሱ ሲነሳ አቧራው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ መስኮቱ በተከፈተ ባዶ ክፍል ውስጥ ብትቀባ ይሻልሃል። ሽታው ለልጅ ጥሩ ስላልሆነ መኝታ ክፍል አይሁን።

የተልባ ዘይት እንቀባ የሚልህ ሰው ይኖራል። ዋንዛ ላይ ያምራል፣ አልዋሽህም። ግን ለምግብ የሚሸጠው ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይወስዳል። አንተ ደግሞ ጥምቀት ደርሶብሃል። ከተጠቀምክም የቀባህበትን ጨርቅ ጨምድደህ አትጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ ተጠራቅሞ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው። ወንድምህ ስለ እሳት ካነሳ ይህን ንገረው።

ስለ ባለቤትህ የምለው አጭር ነው። እሷ የጠላችው ኮምፒውተሩን አይመስለኝም። ጠረጴዛዋን ነው የምትፈልገው። ከአንድ ዓመት በላይ ምግብ የሚቀርብበት ቦታ ላይ ካርቶን ተዘርግቷል። ዛሬ ማታ ጠረጴዛውን ለቀህ ስታሳያት ግማሹ ንግግር አለቀ። ከዚያ ቀን ንገራት። «በቅርቡ» አትበላት። የመጀመሪያው ቅዳሜ አሮጌ ኬዝ ፍለጋና ሪቬት መንቀል። ሁለተኛው ቅዳሜ ላሜራውን መግጠም፣ ታቹን መቁረጥ፣ ማብሪያውን መብሳት። በዚያው ሳምንት በየማለዳው አንድ አንድ ቅብ። ሦስተኛው ቅዳሜ ማሽኑን ማስገባት። ቫርኒሹ ሽታው ካልጠፋ ማሽኑን አታስገባ፤ ጥቂት ቀን ይቆይ። ጎረቤትህ አናጺው ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ቢገኝልህ ደግሞ መልካም ነው። ብቻህን ስትሆን ነው እጅህ የሚያዘው።

መብሳቱ አሁንም ከከበደህ ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ከአሮጌው ኬዝ የተረፈውን ላሜራ ያዝ። ማብሪያውን የምትበሳበትን ፑንታ አስገባና ሦስት አራት ቀዳዳ ብሳ። መሐሉን በምስማር ጫፍ መታ አድርገህ ምልክት ስጠው፣ ፑንታው እንዳይንሸራተት። በቀጭኑ ጀምርና ወደ ወፍራሙ ሂድ። ከላሜራው ሥር ቁራጭ እንጨት አድርግ። ማብሪያው ሲገባልህ ወደ ዋናው እለፍ። ያን ጊዜ እጅህ ይሄዳል።

ማሽኑ ከገባ በኋላ ክዳኑን ሳትዘጋ አንድ ሰዓት ከባድ ሥራ አሠራው፤ ጌም ይሁን ቪዲዮ ማቀናበር ይሁን። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ጻፍ። ከዚያ ክዳኑን ዝጋና በዚያው ሥራ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምር። ልዩነቱ ከአሥር ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ከ85ም ካላለፈ፣ ሳጥንህ ይተነፍሳል። ካለፈ ከኋላ አንድ ፋን ጨምር ወይም እግሩን ከፍ አድርገው። ያን ቀን ወንድምህን ጥራውና እጁን ዋንዛው ላይ ያስቀምጥ። ለብ ካለ ብዙ ነው።

የባልደረባህ ነገር ቀረ። አሁን ገንዘብ አትቀበል። ለሰው የምትሠራው ዕቃ ከ220 ቮልት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሳትፈትነው አይሸጥም። ያንተ ሳጥን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ተዘግቶ ይሥራ። አቧራውን ከፍተህ እይ። ጣውላው የት እንደተንቀሳቀሰ፣ ማጣሪያው በስንት ቀን እንደሚደፍን ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ ለእሱ ስትሠራ ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን አምጥቶ እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ መጋዝ አትንካ፤ «እንዲህ ዓይነት ልገዛ ነው» የሚለው ቃል ልክ አይሆንም። የእንጨቱንና የላሜራውን ዋጋ ቀድሞ ይክፈል፣ የእጅህን ዋጋ ሲረከብ። የመጀመሪያውንም ከኮምፔንሳቶ ሥራለት እንጂ ዋንዛ አታባክንበት።

የሙቀቱን ቁጥር ስታገኝ ላክልኝ፤ የተከፈተውንም የተዘጋውንም። ከአዳማ ነፋስ ጋር ማጣሪያው እንዴት እንደያዘ ጭምር ጻፍልኝ። እንጨት ጀምረው የቆሙ ሌሎች አንባቢዎችም ይጠይቁኛልና ለእነሱ ይጠቅማል።